በወንድሜ አርባ ላይ የተባለች «ግን»

«ግን» የሚል ሰው አልወድም። ሊያጽናናኝ የመጣ ሰው እንኳ ሲናገር አፉን አፉን አያለሁ፤ መቼ ይላት ይሆን እያልኩ። «ወንድምህ ጎበዝ ልጅ ነበር፣ ግን...» ሲል ፊቴን አዞራለሁ። የሚከተለውን አልሰማም። ሰዎቹ ይህን ብልግና ይሉታል። ይበሉት።

አሁን ስጽፍም ቃሏን እየዘለልኳት ነው። አንዳንድ ቦታ አትዘለልም። የሌላ ሰው አፍ ውስጥ ሳገኛት እንዳለች አስቀምጣታለሁ።

ወንድሜ አስጎብኚ ነበር። ቤታችን ደባርቅ ነው፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ። አባታችን ከሞተ ወዲህ ቤቱን የያዘው እሱ ነው። እናቴና እኔ በእሱ እግር ነው የምንኖረው። እግር ያልኩት በእውነት እግር ስለሆነ ነው፤ እንግዳ ይዞ ተራራ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ጫማው ይበላል፣ እኛ እንበላለን።

እንግሊዝኛ ያስተማረኝ እሱ ነው። ትምህርት ቤትም ተምሬያለሁ፣ እስከ አሥራ ሁለተኛ። ፈተናውን ወደቅሁ። የትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛ ሰሌዳው ላይ ቀረ። የወንድሜ አልቀረም። እየተሰደብኩ ስለተማርኩት ይሆናል። ሥራ በሌለው ቀን ወደ ቡይት ራስ በሚወስደው መንገድ ይዞኝ ይወጣና፣ በየመታጠፊያው አንድ ዓረፍተ ነገር ይጠይቀኛል። ከተሳሳትኩ ቁጭ ብሎ አያርፍም። እኔም አላርፍም።

በአስጎብኚነት ሊያስገባኝ ነበር ሐሳቡ። ለምልመላው ቃለ መጠይቅ አለ፣ በእንግሊዝኛ። «እነሱ የሚያዩት አንድ ነገር ነው» ይለኛል። «ሁለት የማይስማሙ ነገሮችን በአንድ ትንፋሽ መናገር ትችላለህ ወይ? ጭላዳ ዝንጀሮን ተመልከት። ጥርሱ የነብር ነው፣ የሚበላው ሣር ነው። ዋልያን ተመልከት። ገደሉ ለሰው ሞት ነው፣ ለእሱ ቤቱ ነው። እንግዳ ካገሩ ድረስ የሚመጣው ይህን ሊሰማ ነው። ‹ዝንጀሮ አለ፣ ሣር አለ› ብለህ ዝም ካልክ እረኛም ይበልጥሃል።»

ስለዚህ የተቃርኖ ማያያዣዎችን በመንገድ ላይ ተማርኩ። «በት» መሀል ትገባለች፣ እንደ ጎረቤት፣ ሳትጠራ። «ሀውኤቨር» የመጀመሪያው ነገር አልቆ ነጥብ ካረፈ በኋላ ትነሣለች፤ «ሽማግሌ ናት» ይላል ወንድሜ፣ «ጉሮሮዋን ጠርጋ ነው የምትናገረው»። «ኦልዞው» ከፊት ትቀድማለች። «ዲስፓይት» ደካማ ናት፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መሸከም አትችልም፤ ስም ብቻ ነው የሚጫንባት። ዝናብ። ድካም። ጉም።

እኔ የምሳሳተው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው። እኛ በአማርኛ «ምንም እንኳ ቢዘንብም፣ ግን ወጣ» እንላለን፤ የሚቆጣን የለም። በእንግሊዝኛም እንደዚያው አደርጋለሁ። ከፊት «ኦልዞው» እላለሁ፣ መሀል ላይ ደግሞ «በት» እጨምራለሁ። ይጮሃል።

«አንድ በቅሎ ላይ ሁለት ኮርቻ! አንዱን አውርድ!»

«የቱን?»

«ደስ ያለህን። አንተ ልጅ፣ በቅሎዋ እኮ አንዲት ናት!»

በዚያው መንገድ የእንግዳ ጓዝ የሚያመላልሱ በቅሎ ነጂዎች ከኋላችን እየሰሙ ይስቁብኛል። በኋላ በኋላ እነሱም ሲያዩኝ «ሁለት ኮርቻ መጣ» ማለት ጀመሩ። ያኔ ያናድደኝ ነበር። ዛሬ እንደዚያ ብሎ የሚጠራኝ የለም።

አሁን ወደ ሰውየው ልምጣ። ሳልፈልግ ነው የምመጣው።

አስጎብኚዎች የሚሠሩት በተራ ነው። እንግዳ ሲመጣ የማን ተራ እንደሆነ የሚናገር አንድ ሰው አለ፤ ተራ አስከባሪ። ተራው ደርሶት ያልሄደ ወደ ኋላ ይወረወራል፤ ክረምት ላይ ከሆነ ደግሞ እንግዳ ስለሌለ፣ እስከ ጥቅምት ቁጭ ነው። የኛ ተራ አስከባሪ በወጣትነቱ አስጎብኚ የነበረ ሰው ነው። እንግሊዝኛው እንደ ውሃ ይፈሳል። በፋሲካ ቤታችን ይመጣል፣ እናቴ «አንቱ» ትለዋለች፣ ወንድሜ «ጋሼ» ይለዋል። ምልመላው ላይ የሚቀመጠውም እሱ ነው። ፈተና መውደቄን ያውቃል፤ ሲያየኝ «እህ፣ ዘንድሮስ?» ይለኛል፣ ሰው ባለበት።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነው። ጠዋት። ወንድሜ መደቡ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያስራል። እጁ ስለተያዘ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎ አጠገቡ አስቀምጦታል። እናቴ በሩ ጋ ምስር ትለቅማለች። እኔ ቆሜያለሁ። ሦስታችንም ሰማን።

«ጋሼ፣ ጉም ነው» አለ ወንድሜ። «የጎረቤት አጥር አይታየኝም። ነገ ይሁንልኝ።»

«እንግዳዋ ያላት ዛሬ ብቻ ነው። ነገ ጎንደር ሥራዋ ላይ ናት።»

«መንገዱ ቅባት ሆኗል። ትናንት በቅሎዎቹ ሲወርዱ አይቻለሁ።»

«ፈርተህ ከሆነ ፈርቻለሁ በል፤ ነውር የለውም» አለ ሰውየው፣ እየሳቀ። «ተራህን ለወንድ እሰጠዋለሁ።»

ወንድሜ ጫማውን ማሰር አቆመ። እናቴን አየ። እናቴ ምስሩን አየች።

«እሺ ጋሼ፤ እሄዳለሁ» አለ።

ስልኩን ኪሱ ከተተና ተነሣ። በሩ ጋ ደርሶ ዞረ። «ዲስፓይት ዘ ፎግ» አለኝና ሳቀ። ጉሙ ቢኖርም፣ ማለቱ ነው። «ቀጥልበት። ስመለስ እሰማሃለሁ።»

አልተመለሰም። ከቡይት ራስ አለፍ ብሎ መንገዱ የሚጠብበት ቦታ አለ። ጭነት የያዘች በቅሎ ተንሸራተተች። ወንድሜ ገመዷን ያዘ። አብረው ወደ ገደሉ ሄዱ። በቅሎዋ ከታች ካለው ቁጥቋጦ ተይዛ ተረፈች። ስለ እሷ ከዚህ በላይ አልጽፍም። እንግዳዋ ከፓርኩ ጠባቂ ጋር ከኋላ ነበረች፤ ከጉሙ የተነሣ ምንም አላየችም። የሰማችው የድንጋይ ድምፅ ነው።

አርባው ነሐሴ መጨረሻ ዋለ። ዕድሩ ድንኳን ተከለልን። ካህናቱ ጸሎተ ፍትሐቱን አድርሰው ከላይኛው በኩል ተቀመጡ። ከአምባ ጊዮርጊስም ከዳባትም ዘመድ መጥቷል። እንግዳዋም ከጎንደር መጣች። በዕድሜ ከእናቴ የምትርቅ አይመስለኝም። ማን እንደነገራት አላውቅም፣ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ ነው የለበሰችው። ስትገባ እናቴ እግር ላይ ልትወድቅ አለች። እናቴ ያዘቻት። ሁለቱ የሚነጋገሩበት ቋንቋ የላቸውም፤ ተያይዘው አለቀሱ። ተራ አስከባሪው መጣና «እኔ አስተረጉማለሁ» ብሎ አጠገቧ ተቀመጠ።

እኔ እጅ የማስታጥበው ነኝ። የሟች ታናሽ ስለሆንኩ የኔ ሥራ ነው። ማንቆርቆሪያና ሳህን ይዤ በመደዳው እዞራለሁ።

ማዕዱ ከመቆረሱ በፊት የወንድሜ የንስሐ አባት ተነሡ። በኛ አገር እንዲህ ነው፤ ሟች የበደለው ሰው ካለ፣ በቃል የተጋጨው ካለ፣ ቂሙን በልቡ ይዞ የተዝካሩን እህል አይቀምስም። ሰው ያልፈታውን ነፍስ ምድር ይዛው ትቀራለች ይላሉ።

«በቁሙ ያስቀየማችሁ ካለ» አሉ አባ፣ «ቃል የተላለፋችሁ ካለ፣ የምትወቅሱት ነገር ካለ፣ እዚህ ፍቱት። ከዚህ ወዲያ በሱ ላይ ቃል የለም።»

«ይፍታው!» አለ ድንኳኑ።

ከሁሉ በላይ የተሰማው የተራ አስከባሪው ድምፅ ነበር። «እግዚአብሔር ይፍታው!» አለ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። አባ ባረኩና እህሉ ቀረበ።

እሱና እንግዳዋ ጋ ስደርስ እንግዳዋ ቀስ ብላ ትጠይቀዋለች። በእንግሊዝኛ ነው። ያን ቀን ለምን ሄድን? አለችው። በዚያ ጉም ለምን ወሰደን? እኔ እንግዳ ነኝ፣ አላውቅም፤ እሱ ያውቅ አልነበረም ወይ? መልሱን ካላገኘች እንቅልፍ እንደማይወስዳት ያስታውቃል።

ሰውየው እጁን ለውሃ ዘረጋልኝ። ፊቱ ወደ እሷ ነው። እንዲህ አላት፦

«ሂ ዋዝ ኤ ጉድ ጋይድ። ሀውኤቨር፣ ሂ ዲድ ኖት ሊስን። ዲስፓይት ማይ ዋርኒንግ፣ ሂ ዌንት።»

ጥሩ አስጎብኚ ነበር። ይሁን እንጂ ሰው አይሰማም። አስጠንቅቄው ሳለ ሄደ።

እንዲህ ነው ያላት። ሽማግሌይቱ ጉሮሮዋን ጠርጋ ተነሣች። ደካማይቱም ስም ተጫነባት፣ «ማስጠንቀቂያ» የሚል። እያንዳንዷን ቃል ከነመቀመጫዋ አወቅኋት። ባላውቃት ይሻለኝ ነበር ይሆን? አላውቅም። ማንቆርቆሪያው ከእጄ ዘንበል አለና ውሃው እጅጌው ውስጥ ገባ።

«ወይ አንተ! ቀስ በል እንጂ! እዚህም ወደቅህ?» አለኝ በአማርኛ።

አጠገቡ የነበሩት ፈገግ አሉ።

እናቴ ከማዶ ሆና «ለእንግዳይቱ ምን እያሏት ነው?» አለችው።

«ጎበዝ አስጎብኚ ነበር እያልኳት ነው፣ እናቴ።»

አልዋሸም። ግማሹን ነግሯታል። ሌላውን ግማሽ ለእናቴ በማይገባት ቋንቋ ውስጥ ደብቆታል፤ እንግዳዋ ይዛው ልትሄድ ነው። ጎንደር ይዛው ትገባለች፣ አገሯ ይዛው ትገባለች። ወንድሜ እዚያ ሁሉ የማይሰማ ልጅ ሆኖ ሊኖር ነው። እናቴ ደግሞ «አመሰግናለሁ፣ ኑሩልኝ» አለችው። ራሷን ዝቅ አድርጋ።

ለቅሶ ቤት ጠብ ነውር ነው። ይህን እያወቅሁ ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጥኩ። ወደ አባ ዞርኩ።

«አባቴ፣ ያልፈታ ሰው አለ።»

አንዲት ዘመዳችን «እግዚኦ! ይህ ልጅ ምን ሆነ? ተቀመጥ!» አለች። አባ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኟት።

«ማን ነው?»

«እሳቸው ናቸው።»

ተራ አስከባሪው ሳቀ። ትንሽ ሳቅ ነው። «ሐዘን አናውጦት ነው አባቴ። ተዉት፤ እኔ አልቀየምም።»

«ምን ሰምተህ ነው?» አሉኝ አባ።

ነገርኳቸው። እየተንተባተብኩ ነው። «‹ጥሩ አስጎብኚ ነበር፣ ግን ሰው አይሰማም። እኔ አትሂድ ብዬው፣ እምቢ ብሎ ሄደ› ብለዋታል። በእንግሊዝኛ።»

«ይህ ልጅ?» አለ ሰውየው፣ ወደ ሰዉ ዞሮ። «ይህ ልጅ እንግሊዝኛ ያውቃል? ጎረቤቱ ሁሉ ያውቀዋል እኮ! ፈተናው እንኳ...»

«ስለ ፈተናው አልጠየቅሁም» አሉ አባ። «ብለሃል ወይስ አላልክም?»

«አባቴ፣ እንግሊዝኛ እንዲህ ቃል በቃል አይገለበጥም። አነጋገር ነው። ለፈረንጅ እንዲገባት...»

«እንግዲያው ለእኛም እንዲገባን በአማርኛ በለው። ልጁን ትወቅሰዋለህ? ውቀሰው፤ እህሉን ሳትነካ። ፈትቼዋለሁ ትላለህ? እንግዲያው ወቀሳህን ዋጠው። ‹ይፍታው› ባልክበት አፍ ወቀሳ አይሆንም።»

ሰውየው ወደ ገበታው አቀረቀረ። ፊት ለፊቱ እንጀራው እንደተዘረጋ ነው። ቀና ብሎ እናቴን አያት። ከእሷ ምሕረት የጠበቀ ይመስለኛል፤ ሁልጊዜ ከእሷ ያገኝ ስለነበረ።

እናቴ ተነሣች።

«ምስር እየለቀምኩ ነበር» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ልጄ ጉም ነው አለህ። መንገዱ ቅባት ነው አለህ። ነገ ይሁንልኝ አለህ። ተራህን ለወንድ እሰጠዋለሁ ያልከው አንተ ነህ። በጆሮዬ ነው የሰማሁህ። ዝም ያልኩት ሰው ይሳሳታል ብዬ ነው።»

አንተ አለችው። ከዚያ በፊት እናቴ ሰውየውን አንተ ስትል ሰምቼ አላውቅም።

ተነሣ። «በሞተ ሰው ጉዳይ አልከራከርም» አለ። አንድ ሽማግሌ «ኧረ እህሉን! የሙት እህል ረግጠህ?» ብለው እጁን ሊይዙት ሞከሩ። አልፎ ወጣ። የተዝካር እህል ሳይቀምስ። አባ ያን ገበታ እያዩ አማተቡ።

እንግዳዋ ምንም አልገባትም። እጅጌዬን ያዘች። ምን ሆነ? አለችኝ በቋንቋዋ። ወንድሜ በየመታጠፊያው የጠየቀኝ ሁሉ ወደ አፌ መጣና እርስ በርሱ ተጋፋ። ድንኳኑ ሁሉ ያየኛል። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ወጣልኝ።

«ኦልዞው ማይ ብራዘር ሴይድ ፎግ፣ በት ዚስ ማን ሴይድ ጎ።»

ምንም እንኳ ወንድሜ ጉም ነው ቢልም፣ ይህ ሰው ግን ሂድ አለው።

ሁለት ኮርቻ። ከአፌ እንደወጣ አወቅሁት። አውርድ የሚለኝን ጠበቅሁ። በጆሮዬ ጠበቅሁት፣ በድንኳኑ በር በኩል፣ ሞኝ እንደሆነ ሰው። በቅሎ ነጂዎቹ ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። አንዱም አልሳቀም።

እንግዳዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «ሂ ሴይድ ፎግ?» አለችኝ።

«የስ» አልኩ።

ከዚያ ሄዳ እናቴ አጠገብ ተቀመጠች፤ እስኪመሽ ከዚያ አልተነሣችም።

ከመስቀል በኋላ ሽማግሎች ቤታችን መጡ። ለዕርቅ ነው። በደንብ ተቀመጡ፣ በደንብ ተናገሩ። «ሰውየው ተጸጽቷል» አሉ። «ይቅርታ ሊል ፈቃደኛ ነው፤ ግን ልጁም በሰው ፊት ስላዋረደው...»

እናቴ አላስጨረሰቻቸውም። «አባቶቼ፣ ያቺን ‹ግን› ከደጅ ጥሏት ይምጣ። በሬ ክፍት ነው።»

እስከ ዛሬ አልመጣም።

ለምልመላውም አልተጠራሁም። ለምን እንደሆነ የነገረኝ የለም፤ የጠየቅሁትም የለም። አሁን ዳባት ነው የምሠራው፣ እህል በሚያራግፉ ሰዎች ዘንድ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ደባርቅ እመለሳለሁ። ወንድሜ «ቀጥልበት» ያለኝን አስባለሁ። «ዲስፓይት ዘ ፎግ፣» ብዬ እጀምራለሁ። «ሂ ዌንት» ብዬ ልጨርሰው እችላለሁ፤ በትክክል የተሰካካ ነው፣ እሱም አይቆጣኝም ነበር። አልጨርሰውም። እንደዚያ ካልኩ ጥፋቱ የጉሙና የወንድሜ ብቻ ይሆናል። ሰውየው ከዓረፍተ ነገሩ ይወጣል። እንዲወጣ አልፈቅድም።

ባለፈው ቅዳሜ መናኸሪያ አገኘሁት። ከአስጎብኚዎች ጋር ቆሟል። ከሚኒባሱ ስወርድ አየኝ፤ ሰላምታ አልተለዋወጥንም። አጠገቡ ወደነበረው ሰው ዘወር ብሎ፣ እኔም እንድሰማ አድርጎ፣ «የዚያ የሟቹ ወንድም ነው» አለ። «ታላቁ ጎበዝ ልጅ ነበር፣ ግን...»

ከሌላ ሰው ሲሆን ፊቴን አዞራለሁ ብያለሁ። ከእሱ ሲሆን አላዞርም። ሻንጣዬን መሬት አስቀመጥኩና ፊት ለፊቱ ቆምኩ። አፉን አየሁት። እስኪጨርስ ጠበቅሁት። ሰዎቹም ጠበቁት። የሚኒባሱ ረዳት «አምባ ጊዮርጊስ! ጎንደር!» እያለ ይጮሃል።

አልጨረሰውም።